ሦስት ጊዜ ዜሮ

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው።

ዱብ...

ጠረጴዛ ስር ተንበርክኬ የላፕቶፑን ገመድ ሶኬት ላይ እየሰካሁ ነበር። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ አቧራ፣ የተጣለ ፋሻና የአሰልጣኙ ጫማ ብቻ ነው።

የቡጢ ድምፅ አውቃለሁ። ጓንት ከጓንት ሲጋጭ ሌላ ነው፣ ክንድ ላይ ሲያርፍ ሌላ ነው፣ ሆድ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሌላ።

ይሄኛው አንዱንም አይመስልም። ውሃ የጠጣ ከረጢት ከፎቅ ላይ የተጣለ ነው የሚመስለው።

ቀጥሎ ሰው ወደቀ። ወለሉ ጉልበቴ ስር ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ጸጥ አለ...

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ አንድ ደቂቃ ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ደቂቃውን እንዴት እንዲህ አጥርቼ እንዳወቅኩት ትንሽ ቆይታችሁ ትረዳላችሁ።

የምነግራችሁ የሆነ ነገር ነው። ያላመነኝ አሰልጣኙን ይጠይቅ፤ ቀኝ ክንዱ እስከ ዛሬ አይዘረጋም። ቦክሰኛውን ዝሆኔን ይጠይቅ፤ ግራ ዓይኑን ያጣው በዚያ ቀን ነው። ምን እንዳዩ ግን አይነግሯችሁም። እኔም ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ሆዴ አልችል አለኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ወንድሜ ቦክሰኛ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሱ አሥራ ሰባት። ትምህርቱን ትቶ ጎማ ቤት ገባ። ቀን ጎማ ሲፈታ ይውላል፣ ከሥራ ሲወጣ ይሠለጥናል፣ በመሃል ለእኔ ደብተር ይገዛል። በእሱ ላብ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ።

ከዚያ ወዲያ ግን... ቤት ተቀምጦ ጣሪያ ማየት ነው። ጓደኛ የለኝም። ሰው ሲበዛብኝ ጭንቅላቴ ይዞራል።

"ማሙሽ፣ ሰውነትህ እዚህ ነው፣ ሐሳብህ ግን ታክሲ ተሳፍሮ ሄዷል" ይለኛል ወንድሜ።

ጢም አብቅዬም ማሙሽ ነበርኩ።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። አንዲት ሐኪም መረመረችውና ልቡ አልፎ አልፎ ምት እንደሚዘል ነገረችው።

"ቦክሱ ይቅርብህ" አለችው።

"እሱ ከቀረብኝማ ምን ቀረኝ?"

ስንት ጊዜ ተመላልሶ ለመናት። በመጨረሻ አንድ መንገድ ሰጠችው። በሚጋጠምበት ጊዜ ሁሉ ልቡን በየሰከንዱ የሚያይለት ሰው መኖር አለበት። ልቡ ሲሳሳት ያ ሰው "አቁሙ!" ይላል፤ ግጥሚያው እዚያው ላይ ይቆማል።

ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

ልብ የሚያይልንን ዕቃ ያመጣችልን አንዲት ኢንጂነር ናት። ለጥናቷ የሚደባደብ ሰው ትፈልግ ነበር፣ እኛ ደግሞ ዕቃዋን። የክብሪት ሳጥን የሚያካክሉ አምስት ሴንሰሮች ናቸው። አንዱ በቀበቶ ደረቱ ላይ ይታሰራል፤ ልቡን ይሰማል። ሌላው ሆዱ ላይ፤ ትንፋሹን። ሌላው የራስ መከላከያው ላይ፤ የሚያርፍበትን ምት። ሁለቱ ጓንቱ ውስጥ፣ የእጁ አንጓ ላይ፤ የሚሰነዝረውን ቡጢ። ሁሉም የሰሙትን ያለ ገመድ ጠረጴዛዬ ላይ ወዳለች ጥቁር ሳጥን ይልካሉ።

ሳጥኗ ታዲያ አንድ አመል አላት። ሁለት ሴንሰር እኩል ካወራባት አንዱንም አትሰማም። ስለዚህ ተራ ያስፈልጋል። አንዱ ሰከንድ ለአሥር ተራ ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ሴንሰር ሁለት ሁለት ይደርሰዋል። ተራው ያልደረሰ ባትሪውን እየቆጠበ ይተኛል። ሲደርሰው ይነቃል፣ ያለውን ይናገራል፣ ተመልሶ ይተኛል።

የተራውን ዝርዝር የምይዘው እኔ ነበርኩ። ኢንጂነሯ በሁለት ሳምንት አስተማረችኝ። ጂሙ ውስጥ ስሜ "ተራ አስከባሪው" ሆነ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሥራውን ወደድኩት። ላፕቶፑ ላይ አፍጥጬ ስቀመጥ አምስት ሰዎች አንድ በር ላይ ተሰልፈው ይታዩኛል። ልብ ሁልጊዜ የምትቸኩል ሴትዮ ናት። ትንፋሽ ረጋ ያለ ረጅም ሰውዬ። ሁለቱ እጆች ደግሞ የሚጋፉ መንታ ጎረምሶች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ "እርስዎ ይግቡ... አንተ ቆይ..." እላለሁ። ከሰው ጋር ማውራት የሚያቅተኝ ሰውዬ፣ የሰው አካል ውስጥ ገብቼ አዛዥ ሆንኩ።

ለትልቁ ውድድር ከጂማችን የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ወይ ወንድሜ፣ ወይ ዝሆኔ።

ዝሆኔ ስሙን ያገኘው ከትከሻው ነው። በር ሲገባ በጎኑ ነው የሚገባው። ነገር ግን እንደሱ ያለ የዋህ አላየሁም። ሰው መትቶ ሲጥል ቀድሞ ይቅርታ የሚጠይቅ እሱ ነው። ከወንድሜ ጋር አንድ ሳሙና ተካፍለው ነው ያደጉት።

አሰልጣኙ ሁለቱን የሚያወዳድረው በዓይኑ ነበር። ላፕቶፑ ከመጣ ወዲህ ግን ቁጥር ማየት ለመደ። ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሐሙስ ዕለት ወንድሜ ተናዶ ቤት ገባ።

"ማሙሽ፣ ይሄ ዕቃህ ያጭበረብራል።"

"አያጭበረብርም።"

"አሰልጣኙ ምን አለኝ? 'በአንድ ዙር ሃያ ቡጢ ብቻ? አርጅተሃል እንዴ?' ስልሳ ሰንዝሬ ሃያ!"

ትክክል ነበር። ቡጢ ፈጣን ነው። ሴንሰሩ ተኝቶ ተራውን ሲጠብቅ ቡጢው መጥቶ ይሄዳል።

"የእጆቼን ተራ ጨምርልኝ።"

"ከማን ቀንሼ?"

"እኔ ምን አውቄ? ተራ አስከባሪው አንተ!"

ሳቀ። ፀጉሬን አሻሸኝና ሊተኛ ሄደ።

እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ሕግ ጻፍኩ። አጭር ናት። 'ሦስት ጊዜ አከታትሎ ያንኑ ነገር የተናገረ ሴንሰር ከሰልፉ ይውጣ። አዲስ ነገር ሲኖረው ይመለስ። እስከዚያ ተራውን ብዙ ወሬ ያለው ይውሰድ።'

አያችሁ? ራሱን ማንም ካልመታው፣ የራሱ ሴንሰር 'ምንም የለም፣ ምንም የለም፣ ምንም የለም' እያለ ተራ የሚያባክንበት ምክንያት የለም። ወጥቶ ይቀመጥ። ተራው ለእጆቹ ይሁን።

ለልቡ አልሰጋሁም። የሚሠራ ልብ መቼም ሦስት ጊዜ ልክ አንድ ዓይነት አይመታም፤ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ይላል። ሁልጊዜ አዲስ ወሬ አለው። ከሰልፉ አይወጣም።

እንዲህ ብዬ አሰብኩ።

ዓርብ ሞከርኩት። ስልሳ ሁለት ቡጢ! አሰልጣኙ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየ። ወንድሜ ከሪንጉ ላይ ጠቀሰኝ። ለኢንጂነሯ አልነገርኳትም። በኋላ ላስደንቃት ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። የምርጫው ቀን።

ጂማችን ከጋራዥ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው። ጣሪያው ላይ ብርሃን የሚያስገባ ፕላስቲክ አለ፤ ፀሐይዋ በእሱ ገብታ ሪንጉን ታበራዋለች። ከእኛ ከአምስታችን በቀር ማንም አልነበረም። ኢንጂነሯ ሴንሰሮቹን አስራ ከጨረሰች በኋላ የረሳችውን ዕቃ ልታመጣ ወደ መኪናዋ ወረደች።

"አንተ ተራ አስከባሪ!" አለኝ ዝሆኔ ጓንቱን እያጋጨ። "የወንድምህን ልብ ትጠብቃለህ፣ የኔን ማን ይጠብቅልኝ?"

"አንተ ሆድ እንጂ ልብ መቼ አለህ?" አለው ወንድሜ።

"ዛሬ ሳስተኛህ ወንድምህ በዚያች ቴሌቪዥኑ አይቶ ይነግርሃል።"

"አይዞህ፣ ቀስ ብዬ ነው የምመታህ። እናትህ ፊትህን ለይታ እንድታስገባህ።"

ተቃቀፉ። ደወሉ ተደወለ።

የመጀመሪያው ዙር የወንድሜ ነበር። አምስቱም መስመሮች ላፕቶፑ ላይ እየተጋፉ ይሮጣሉ። የቀኝ ቡጢው ሁለት መቶ አሥር ኪሎ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ... ልቡ መቶ ስልሳ አራት፣ መቶ ስልሳ ስድስት... ደህና ነው።

ሁለተኛው ዙር መሃል ላይ ላፕቶፑ ባትሪው ሊያልቅ እንደሆነ አስጠነቀቀኝ። አሰልጣኙ ወዲያ ወዲህ ሲል ገመዱን በእግሩ ነቅሎታል።

አንድ አፍታ ነው ብዬ ጠረጴዛው ስር ገባሁ።

ዱብ...

ብድግ ስል ጭንቅላቴን ጠረጴዛው መታኝ። ወንድሜ በግንባሩ ተደፍቷል። ዝሆኔ ጓንቱን አፉ ላይ አድርጎ "ይቅርታ... ወንድሜ... ይቅርታ..." ይላል። አሰልጣኙ ይቆጥራል።

"ሦስት... አራት..."

ላፕቶፑን አየሁ። ልብ ሲቆም የሚጮኸው ማንቂያ አልጮኸም።

ደህና ነው ማለት ነው፣ አልኩ። ልቡ ቢቆም ኖሮ ይጮህ ነበር።

ነገር ግን ላፕቶፑ ላይ አንድም መስመር አልነበረም። ባዶ።

"አምስት... ስድስት..."

አንድ መስመር ብቅ አለ። ቀኝ እጅ።

ቀና ብዬ አየሁ። ቀኝ እጁ ጭራሽ አልተንቀሳቀሰም። ወለሉ ላይ ተዘርግቷል።

መስመሩ ግን ዘለለ...

ከዚያ በኋላ ነው እጁ የተንቀሳቀሰው።

"ሰባት..."

ወንድሜ ተነሳ። ሰው ሲነሳ መጀመሪያ ጉልበቱን ያጥፋል፣ በእጁ ይመረኮዛል፣ ያቃስታል። እሱ ግን የወደቀ መሰላል እንደሚያቆሙት ነው ቀጥ ብሎ የተነሳው።

"ደህና ነህ?" አለው አሰልጣኙ።

ወንድሜ ጓንቱን ከፍ አደረገ።

"ወንድሜ፣ ደህና..." ብሎ ጀመረ ዝሆኔ።

አልጨረሰውም። የወንድሜ ቀኝ ቡጢ አፉ ላይ አረፈ። የጥርስ መከላከያው ከሁለት ጥርስ ጋር ወጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ወደቀ።

አራት መቶ ኪሎ፣ አለ ላፕቶፑ።

ግራው ተከተለ። የዝሆኔ አፍንጫ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ደሙ የወንድሜን ፊት አለበሰው። ወንድሜ ዓይኑን አላርገበገበም። ደም ዓይኑ ውስጥ ገብቶ... ዓይኑን አላርገበገበም።

"በቃ!" አለ አሰልጣኙ። ደወሉን ደወለ። ደጋግሞ ደወለ። "በቃ ተባልክ እኮ! አንተ!"

አምስት መቶ ሃያ። አምስት መቶ ስልሳ።

ዝሆኔ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። መውደቅ እንኳን አልቻለም፤ ከታች የሚመጣው ቡጢ እያነሳ ያቆመዋል። ጎድኑ ሲሰበር ተሰማኝ። አንድ... ሁለት... አሰልጣኙ ሪንጉ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ወንድሜን ከኋላ አቀፈው። ወንድሜ ወደሱ አልዞረም። ክንዱን ብቻ ወደ ኋላ ወረወረ። አሰልጣኙ ማዕዘኑ ላይ ካለው ብረት ጋር ተላተመ። ክንዱ መታጠፍ በማይገባው በኩል ታጠፈ። የሱን ጩኸት እስከ ዛሬ በሕልሜ እሰማዋለሁ።

እኔ... እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። አልዋሻችሁም። አልተነሳሁም።

ኢንጂነሯ ጩኸቱን ሰምታ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች መጣች። ሪንጉን አየች። ከዚያ ላፕቶፑን አየች። ሰው ሲደባደብ ሁሉም ሰው ድብድቡን ነው የሚያየው። እሷ ግን ላፕቶፑ ላይ ቀረች።

"ልቡስ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ምን?"

"የልቡ መስመር... የት አለ?"

ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ። አሥሩንም ተራ ተካፍለውታል።

"ከሰልፍ ወጥቶ ይሆናል" አልኳት።

"ማን አስወጣው?"

ፊቴን ወደ ሪንጉ አዞርኩ።

"ማን አስወጣው ነው የምልህ!"

"እኔ... ሕግ ጽፌ ነበር። ሦስት ጊዜ ተመሳሳይ ከተናገረ..."

ፊቷ ቀስ እያለ ነጣ።

"ማንቂያው ስንት ዜሮ ነው የሚጠብቀው?" አለችኝ።

ያኔ ገባኝ።

ቀበቶ ሲንሸራተት ልብ ለአፍታ ዜሮ ያሳያል። ማንቂያው በየደቂቃው በከንቱ እንዳይጮህ አምስት ዜሮ በተከታታይ እስኪሰማ ይጠብቃል። አምስት። የኔ ሕግ ደግሞ ሦስት ጊዜ ያንኑ የተናገረን ያስወጣል።

የቆመ ልብ ያንኑ ነው የሚናገረው።

ዜሮ... ዜሮ... ዜሮ... ብሎ ነገረኝ። እኔ ደግሞ 'አዲስ ነገር የለህም፣ ውጣ' አልኩት። አራተኛውንና አምስተኛውን የሚናገርበት ተራ አልነበረውም።

መዝገቡን ከፈትኩ። የመጨረሻው ምት የተመዘገበው ስምንት ሰዓት ከአርባ አንድ ደቂቃ ከሰባት ሰከንድ ላይ ነው። እኔ ጠረጴዛ ስር ነበርኩ።

አሁን ሰዓቱ ስምንት ከአርባ ስድስት ነው።

"ቀበቶው ተንሸራትቶ ነው" አልኩ። "ቀበቶው ነው።"

ሁለታችንም ቀና ብለን አየን። ቀበቶው ደረቱ ላይ ጥብቅ ብሏል።

"የትንፋሹም ተንሸራተተ?" አለች።

ሆዱን አየሁት። አምስት ደቂቃ ያለ እረፍት የተደባደበ ሰው ሆዱ እንዴት ነው የሚሆነው? የወንድሜ ሆድ እንደ ግድግዳ ነበር። ቅንድቡ ላይ የተሰነጠቀው ቁስል አይደማም። ላቡ ሰውነቱ ላይ ደርቆ ጨው ሆኗል።

"ምንድነው ታዲያ የሚያንቀሳቅሰው?" አልኳት።

ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለች። ሁለቱን መስመሮች እያየች ነበር። መስመሩ ይዘላል... ቡጢው ይከተላል። መስመሩ ይዘላል... ቡጢው ይከተላል።

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ዝርዝሩን ከፍቼ የእጆቹን ተራ ነጠቅኩ። አሥሩንም ለልቡ ሰጠሁት።

ወንድሜ ቆመ።

ቀኝ እጁ አየር ላይ እንደተሰቀለ፣ ከዝሆኔ ፊት አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

"አምላኬ..." አለች ኢንጂነሯ።

የልቡ መስመር መጣ። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።

ሕጓ! ሕጓን አላጠፋኋትም!

መስመሩ ጠፋ። ተራው ወደ እጆቹ ተመለሰ። ቡጢው የቀረውን አንዱን ስንዝር ጨረሰ።

የዝሆኔ ግራ ዓይን ያኔ ነው የጠፋው። ወንድሜ አይደለም ያጠፋው። እኔ ነኝ።

እየጮህኩ ይሁን እያለቀስኩ አላስታውስም፣ ሕጓን ሰረዝኳት። እንደገና አሥሩን ተራ ለልቡ ሰጠሁ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ማንቂያው አሁን ጮኸ። ከሰባት ደቂቃ በኋላ።

ወንድሜ እንደገና ቆመ። አሰልጣኙ በደህናው እጁ ዝሆኔን ብብቱ ስር ይዞ እየጎተተ ከሪንጉ አወጣው። ዝሆኔ ይተነፍስ ነበር። በአፉ አረፋና ደም እየወጣ፣ ግን ይተነፍሳል።

ኢንጂነሯ ማንቂያውን ዘጋችው። ጸጥ አለ።

ወንድሜ ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረና አየኝ።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለም። ሰው እንዲናገር ትንፋሽ ያስፈልገዋል፤ እሱ ደግሞ ትንፋሽ የለውም።

"ምን እያለ ነው?" አለችኝ።

"አልሰማሁትም።"

አሰብኩ። ከዚያ ከአሥሩ ተራ አንዱን ብቻ ወስጄ ለትንፋሹ ሰጠሁት።

ሆዱ ተነፋ። ከረጅም ጊዜ በኋላ እንደሚከፈት በር ሲጢጥ የሚል ድምፅ ከጉሮሮው ወጣ።

"ማሙሽ..."

"አለሁ።"

"...ደክሞኛል።"

ድምፁ የራሱ ነበር። ጎማ ቤት ውሎ ሲመጣ፣ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ሲል የሚናገርበት ድምፅ። እንባዬ ላፕቶፑ ላይ ተንጠባጠበ።

"አጥፋው" አለችኝ ኢንጂነሯ በጆሮዬ።

"ካጠፋሁትማ ይወድቃል።"

"ወድቋል እኮ። ከወደቀ ቆየ።"

"ዝርዝሩን ባስተካክለው... ለልቡ አምስት፣ ለትንፋሹ አምስት ብሰጠው... ምናልባት እኮ..."

"ስማኝ። ዜሮ ነው የሚነግርህ። አሥር ተራ ስጠው፣ መቶ ተራ ስጠው፣ ዜሮ ነው የሚነግርህ።"

"አንቺ ወንድም የለሽም!"

"ደክሞኛል አለህ እኮ። እኔም ሰምቻለሁ።"

አየሁት። ቀኝ እጁ እንደተሰቀለ ነው። ጓንቱ ጫፍ ላይ የዝሆኔ ደም ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል። ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

እጄን ወደ ጥቁሯ ሳጥን ላክሁ። ማብሪያ ማጥፊያዋ ከጎኗ ናት። ከንፈሬን ነክሼ...

"ይቅር በለኝ" አልኩት።

አጠፋኋት።

መስመሮቹ በሙሉ ጠፉ። ዓይኔን ጨፍኜ ወለሉ እስኪንቀጠቀጥ ጠበቅኩ።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

አልተንቀጠቀጠም።

ኢንጂነሯ ክንዴን ጨመደደችኝ። ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ዓይኔን ገለጥኩ።

ወንድሜ የተሰቀለውን እጁን አወረደ።

በጥርሱ የጓንቱን ማሰሪያ ፈታ። አንዱን ጣለው፣ ሌላውንም። ከአንጓው ላይ ሁለቱን ሴንሰሮች አወለቀ። የራስ መከላከያውን አወለቀ። የሆዱን ፈታ። በመጨረሻ የደረቱን ቀበቶ ፈትቶ ገመዱ ላይ አንጠለጠለው። ቀበቶው የነበረበት ቦታ ላይ ቆዳው ሰማያዊ ሆኗል።

ከሪንጉ ወረደ። አሰልጣኙ እንዳቀፈው የተኛውን ዝሆኔን ተራምዶ አለፈ። በእኔ አጠገብ ሲያልፍ ብርድ ነካኝ። ቆሞ አላየኝም።

ሸሚዙን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። ለበሰ። ቁልፎቹን ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ቆለፈ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን አደረገ፣ ክሩን አሰረ።

"ወንድሜ..." አልኩት። "ወዴት ነው?"

በሩን ከፈተ።

"ወንድምዬ! እኔም ልምጣ?"

ደረጃውን ሲወርድ ኮቴው ተሰማኝ። ሳይቸኩል ነው የሚወርደው።

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ከታች መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ፀሐይዋ ዓይን ታቃጥላለች። ከጋራዡ በር ወጣ። አንዲት ሴትዮ ልጇን ወደ ራሷ ጎትታ አሳለፈችው። መኪናዎቹ ጥሩንባ እየነፉ ቆሙለት። መንገዱን ተሻገረ።

ቤታችን በግራ በኩል ነው።

እሱ ወደ ቀኝ ታጠፈ።